«የስ» ከማለታችን በፊት

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ሕፃናት ክትባት አይደለም፤ ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ነው። «ሲስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ የቋንቋ አስተማሪ ሆነች?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገሩን ያመጣችው ጎረቤቴ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ታሪኳን እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች። «ሌላ እናት ከጠቀመ ይጻፉት» ነው ያለችኝ።

ጎረቤቴ 52 ዓመቷ ነው። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች በመሸጥ ሦስት ልጆች አሳድጋለች። ራሷ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከ8ኛ ክፍል ነው። የመጀመሪያ ልጇ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ትኖራለች። የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አላት፤ ሁለተኛውንም ፀንሳለች። ትንሹ ልጅ ከአማርኛ የሚያውቀው «አያቴ» የሚለውን ቃልና ሌሎች ሁለት ሦስት ቃላት ብቻ ነው። እሁድ እሁድ፣ እዚህ ሲመሽ፣ እዚያ ቀትር አካባቢ ሲሆን፣ በስልክ ቪዲዮ ይተያያሉ። እሱ በእንግሊዝኛ ይለፈልፋል፤ እሷ ፈገግ እያለች «የስ፣ የስ» ትለዋለች። ምን ታድርግ? ዝም ብትል ልጁ ይከፋዋል።

አንድ እሁድ ልጇ ስልኩን ከልጁ ፊት አቁማ «ከአያትህ ጋር ተጫወት» ብላው ገላዋን ልትታጠብ ገባች። ልጁ አንድ ነገር ጠየቀ። አያት «የስ» አለች። ደግሞ ጠየቀ። «የስ፣ የስ፣ የኔ ጌታ» አለችው። ልጁ ከወንበሩ ወርዶ ከስልኩ ዕይታ ጠፋ። አሻንጉሊት ሊያመጣ የሄደ መስሏት ጠበቀችው። ጥቂት ቆይቶ የሰማችው የልጇን ጩኸት ነው። ልጁ የቤቱን በር ከፍቶ ወጥቶ፣ ከአሳንሰሩ ፊት ለፊት ቆሞ አንዲት የሕንፃው ነዋሪ አግኝታ መለሰችው። «ካን አይ ጎ አውትሳይድ?» ነበር ያላት፤ ውጭ ልውጣ ወይ ማለቱ ነው። እናቱ ስትቆጣው «አያቴ የስ ብላለች» ብሎ መለሰ።

ልጁ ምንም አልሆነም። ልጇ ግን እየተንቀጠቀጠች «እማዬ፣ ያልገባሽን ነገር ለምን የስ ትያለሽ?» አለቻት። ጎረቤቴ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። በማግስቱ ደጄን አንኳኳች። «ሲስተር፣ ከሦስት ወር በኋላ ልጄን ላርስ እሄዳለሁ። ባሏ ማታ ማታ ነው የሚሠራው። ከልጆቹ ጋር ብቻዬን የምቀርበት ሰዓት ይኖራል። እባክዎ እንግሊዝኛ ያስተምሩኝ» አለችኝ።

እሺ ያልኩት ስለማስተማር አውቃለሁ ብዬ አይደለም፤ በሽታውን ስለማውቀው ነው። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት መድኃኒት ሰጥቼ «ገባሽ?» ስላት «እሺ» ያላለችኝ እናት አላስታውስም። «እሺ» ብላ ከሄደች በኋላ ግን ለጆሮ የታዘዘውን ጠብታ ዓይን ውስጥ ጨምራ የተመለሰች እናት አጋጥማኛለች። ሰው ያልገባውን ነገር «አልገባኝም» ለማለት ያፍራል። በተለይ የከበረ፣ ልጆች ያሳደገ፣ በሰፈሩ የሚደመጥ ሰው ከሆነ የበለጠ ያፍራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ከዚያች እናት በኋላ «ገባሽ?» ማለት ትቼ «እስቲ ቤትሽ ስትደርሺ እንዴት እንደምትሰጪው አሳዪኝ» ማለት ጀመርኩ። ይህን አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ግን ጥፋቱ የኔ ነበር። አንድ አሮጌ የሰዋስው መጽሐፍ አውጥቼ «አይ አም፣ ዩ አር፣ ሂ ኢዝ፣ ሺ ኢዝ» እያልኩ በሠንጠረዥ አስያዝኳት። ቀጥሎ የአሁን ጊዜ፣ ቀጥሎ ያለፈ ጊዜ። የቤት ሥራ ሰጠሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ አረምኩ። እኔ የተማርኩት እንደዚያ ስለነበር ሌላ መንገድ ያለ አልመሰለኝም። በአራተኛው ሳምንት ጎረቤቴ ቀረች። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብላ ላከችብኝ። ሎሚ ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ፤ ምንም ጉንፋን አላየሁባትም። ደብተሩ ከቡና ረከቦቱ ሥር ተቀምጧል። «ሲስተር» አለችኝ፣ «ገጹን ስገልጠው ደም የፈሰሰበት ይመስለኛል። ለካ አንድም ነገር አላውቅም።»

ወደ ቤቴ ስመለስ ትዝ ያለኝ የ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ እንደ ዕድሜ እኩዮቼ እኔም ጥቁር ሰሌዳ ይዤ ፊደል አስቆጥሬያለሁ። አንድ አዛውንት ተማሪ ነበሩኝ። «ሀ ሁ» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሱና «ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ሄዷል፤ ሁሉንም እስክጨርስ አልጠብቅም። የስሜ ፊደላት የትኞቹ ናቸው? በአውራ ጣቴ መፈረም ሰልችቶኛል» አሉኝ። የስማቸውን ፊደላት አስቀድመን ያዝን። ከዚያ በኋላ ሌላውን ፊደል ሁሉ ከማንም ቀድመው ለዩ። ልጅ የሚማረው ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ነው፤ ትልቅ ሰው ግን የሚጀምረው ከሚያስፈልገው ነገር ነው። ይህን የነገሩኝን ሰው ከአርባ ዓመት በላይ ረስቻቸው ኖሬያለሁ።

በማግስቱ ቀዩን እስክሪብቶ ትቼ፣ መጽሐፉንም ከድኜ ተመለስኩ። «ከሁሉ በፊት ምን ማለት ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ሳታመነታ «አልገባኝም ማለት» አለችኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሰዋስው አራት ዓረፍተ ነገር ሆነ። «አይ ዶንት አንደርስታንድ»፣ አልገባኝም። «ሴይ ኢት አጌን፣ ፕሊስ»፣ እባክህ ድገመው። «ስሎውሊ፣ ፕሊስ»፣ ቀስ ብለህ። «ዌይት። አስክ ማሚ»፣ ቆይ፣ እማማን ጠይቅ። ሠንጠረዥ የለም፤ ሕግ የለም። በርበሬዋን እየለቀመች እነዚህን አራት ትላለች፤ እኔ ልጁን ሆኜ አስቸግራታለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደ ልብ አወጣቻቸው።

ሕጉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የመጣውም ራሷ ስትጠይቅ ነው። «ሲስተር፣ ልጁ ሲያወራ የቱ ጥያቄ፣ የቱ ወሬ እንደሆነ በምን ልለይ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ መጽሐፉ አልጠየቀኝም ነበር። ተቀምጠን አማርኛችንን መረመርነው። እኛ ስንናገር ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የምናስቀምጠው። «ልጁ ትናንት ከአባቱ ጋር ወደ ገበያ…» ብዬ ባቆም፣ ሄደ ይሁን አልሄደም፣ ይሂድ ይሁን ሄደ ወይ፣ ማንም አያውቅም። ቁርጡ የሚታወቀው በመጨረሻው ግስ ነው። ስለዚህ ጆሯችን መጨረሻውን መጠበቅ ለምዷል። እንግሊዝኛ ግን ነገሩን ፊት ለፊት ያስቀምጠዋል። ማን እንዳደረገው መጀመሪያ ይመጣል፤ ድርጊቱ ወዲያው ይከተላል፤ የቀረው ኋላ ይደረደራል። ጥያቄ ሲሆን ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ አንዲት ትንሽ ቃል ትገባለች፦ «ካን»፣ «ዱ»፣ «ኢዝ»፣ «አር»። እንደ በር ደወል ናት። ደወሉ ሲሰማ ሰው መጣ ማለት ነው፤ ማን እንደሆነ ሳያዩ በር አይከፈትም።

«እንግዲያው ‹ካን› ካለ ዝም ብዬ የስ አልልም» አለች። አንድ ወር ሙሉ ስደክም ያላስገባሁትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ያን ዕለት ሽሮዋን እያቀላቀለች ለራሷ «ካን… ደወል። ዱ… ደወል» ስትል ሰምቻታለሁ።

ከዚያ ወዲያ ስህተቶቿን ማየት ደስ ይለኝ ጀመር፤ አብዛኞቹ የተማረ አማርኛ ያለው ሰው ስህተቶች ናቸውና። አንድ ቀን «ሀንግሪ ሚ» አለችኝ። ብትስቁ አልፈርድባችሁም፤ ግን አስቡት። እኛ «ራበኝ»፣ «አመመኝ»፣ «በረደኝ» ስንል ራቡ፣ ሕመሙና ብርዱ ናቸው የሚይዙን፤ እኛ ተይዘን ነው የምንናገረው። እንግሊዝኛ ግን ራሴን ፊት አስቀምጦ «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አም ሲክ»፣ «አይ አም ኮልድ» ያሰኛል። አንዴ ይህን ከነገርኳት በኋላ ስሕተቱን አልደገመችውም። «አዪዪ፣ እነሱ ረሃቡን ራሳቸው ናቸው የሚሆኑት?» ብላ አዘነችላቸው።

ሌላም አለ። አማርኛ ግሱ ውስጥ ሰውየውን ይዟል፤ «መጣች» ካልኩ «እሷ» ማለት አያስፈልገኝም። በእንግሊዝኛ ግን ባለቤቱ ካልተጠራ ዓረፍተ ነገሩ ራስ የለውም። ጎረቤቴ «ኢዝ ስሊፒንግ» ትላለች። ማነው የተኛው? «ሂ» ወይስ «ሺ»? ድስቷንና ፀሐይንም «ሺ» ትላቸው ነበር፤ እኛ የምንወደውን ነገር ሁሉ በሴት እንጠራለንና። ለዕቃ «ኢት» የሚባል ቃል አለ ስላት «ድስቴ ዕቃ ብቻ ናት እንዴ?» አለች።

ከሁሉ ይልቅ የከበዳት «ዩ» ናት። «ለሕፃኑም ዩ፣ ለሐኪሙም ዩ? እርስዎንም ዩ ልበልዎት?» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። በእንግሊዝኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎና እናንተ ሁሉም አንድ ናቸው። አክብሮቱ ያለው በሌላ ቦታ ነው፦ «ፕሊስ» በማለት፣ ትእዛዙን ደግሞ ጥያቄ በማድረግ። «ሄልፕ ሚ» ከማለት «ኩድ ዩ ሄልፕ ሚ፣ ፕሊስ?» ማለት ከመቀመጫ ብድግ እንደማለት ነው አልኳት። ይህን ካወቀች በኋላ «ኩድ ዩ» ካፏ አልጠፋም።

አሁን ወደ ጤናው ልመለስ፤ ይህኛው ነገር ያሳስበኛልና። «መድኃኒት አይስማማህም ወይ?» ሳይሆን «የማይስማማህ መድኃኒት የለም አይደል?» ተብለን ብንጠየቅ፣ እኛ ብዙ ጊዜ «አዎ» እንላለን፤ አዎ፣ የለም ማለታችን ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ለዚህ ጥያቄ የሚጠብቀው «ኖ» ነው። «የስ» ካልነው የማይስማማን መድኃኒት አለ ብሎ ሊረዳ ይችላል። ስለዚህ ለጎረቤቴ አንድ ደንብ አወጣሁላት፦ በ«የስ» ወይም በ«ኖ» ብቻ አትመልሺ፤ ጅራት ጨምሪበት። «ኖ፣ አይ ዶንት»። «የስ፣ አይ ዱ»። ጅራቷ አጭር ናት፤ ግን ነገሩን ትለያለች።

ሁለተኛው «ኖት» ነው። «አይተነፍስም» ስንል አሉታው ከፊትም ከኋላም እንደ አጥር ይከበዋል፤ አንዱ ቢያመልጥ በሌላው ይሰማል። በእንግሊዝኛ ግን «ዘ ቤቢ ኢዝ ኖት ብሪዚንግ» ሲባል ሁሉን የተሸከመችው አንዲት «ኖት» ናት። እሷ ከተዋጠች ሕፃኑ ደህና ነው ማለት ይሆናል። የአገሩ ሰዎች «ኢዝንት»፣ «ካንት» እያሉ ያሳጥሯታል፤ አንቺ ግን አታሳጥሪ፤ «ኢዝ ኖት»፣ «ካን ኖት» ብለሽ ሙሉውን ተናገሪ አልኳት። በአሜሪካ የድንገተኛ አደጋ ስልክ 911 ነው። ቁጥሩን፣ የቤቱን አድራሻና ይህን ዓረፍተ ነገር ዓይኗን ጨፍና እስክትል አለማመድኳት። «አምሃሪክ፣ ፕሊስ» ማለትንም ጨመርኩላት፤ በብዙ ቦታ ስልኩን የሚያነሱት ሰዎች አስተርጓሚ በመስመር ማስገባት ይችላሉና። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ ሆስፒታሎችም ለታካሚ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ «ኢንተርፕረተር፣ ፕሊስ» ማለት ልመና አይደለም። የልጅ ልጅን ማስተርጎምም አይገባም፤ ሕፃን የአያቱን ሕመም መሸከም የለበትም።

እናትና አባታችሁን፣ ወይም ጎረቤታችሁን ለማስተማር ለምታስቡ የተማርኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሩ። ጎረቤቴ በመጽሐፉ ደቃቅ ጽሑፍ ላይ ስትደናበር እኔ ጭንቅላቷ የደከመ መስሎኝ ነበር። ሰው 40 ዓመት ካለፈው በኋላ የቅርብ ዕይታው እየደከመ ይሄዳል። የንባብ መነጽር አደረገች፤ «ትምህርቱ» ግማሹ ቀለለ። ነርስ ሆኜ ይህን ማዘግየቴ ያሳፍረኛል። ለአያቶች ደግሞ ጆሮም አለ፤ ዕድሜ ሲገፋ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ቀድመው ይደበዝዛሉ። የቃሉ መጨረሻ «ስ» የማይሰማው ሰው ቢዘነጋው ሰነፍ አይደለም። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ፣ አፋችሁን እያሳያችሁ ተናገሩ።

ሁለተኛ፣ በአንድ ቀን አንድ ስህተት ብቻ አርሙ። ሌላውን እለፉት። እኛ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ እንቀመጣለን፤ ከዚያ ቡና ነው።

ሦስተኛ፣ «ገባሽ?» አትበሉ። «እስቲ አንቺ እኔን አስተምሪኝ» በሉ። ቅድም አስታውሱልኝ ያልኳችሁ ይህን ነው። ትልቅ ሰው ላስተማረው ሰው ሲያስተምር ክብሩ ይመለስለታል፤ ያልገባውም ቦታ ራሱን ያወጣል።

አራተኛ፣ አማርኛውን አታስጥሉት። ጎረቤቴ አሁን ለልጅ ልጇ በሳምንት አንድ የአማርኛ ቃል ትሰጠዋለች። ባለፈው «ቆይ» የምትለዋን አስተማረችው። እሱም ሲሳሳት ስታየው ይመስለኛል፣ የራሷ ስህተት የቀለላት።

ባለፈው እሁድ ለቡና ጠርታኝ ስልኩ ሲደወል እዚያው ነበርኩ። ልጁ ፊቱን ከስልኩ አስጠግቶ «አያቴ፣ ካን አይ…» ብሎ ጀመረ፤ የቀረው በፍጥነት ተንከባሎ አለፈ። እኔ ገብቶኛል፤ ዝም አልኩ። ጎረቤቴ አልሳቀችም። እጇን አንሥታ «ዌይት። ሴይ ኢት አጌን። ስሎውሊ፣ ፕሊስ» አለችው። ልጁ ደገመው። አሁንም ሁሉም አልገባትም፤ አንዲት «ካንዲ» የምትል ቃል ብቻ ለየች። «ኖ፣ ዩ ካን ኖት። አስክ ማሚ» አለችው። ልጁ ጮክ ብሎ «ማሚ!» እያለ ሮጠ። ከወዲያ የልጇ ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመና ወደ ስልኩ መጥታ ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳትናገር እናቷን ተመለከተቻት። «እማዬ፣ ቶሎ ነይልኝ» ብቻ ነው ያለችው።

ጎረቤቴ በሚቀጥለው ወር ትሄዳለች። እንግሊዝኛዋ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ያለፈ ጊዜን አልነካነውም። «ሂ» እና «ሺ» ዛሬም ይቀያየሩባታል። እኔ ግን ስለ ልጆቹ አልሰጋም፤ ያልገባትን አልገባኝም ትላለችና።

እናንተም በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ውስጥ «እሺ፣ እሺ» የሚል አባት ወይም «የስ፣ የስ» የምትል እናት ካለች፣ አትቆጧቸው። ቁጭ በሉና በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን «አልገባኝም» የሚለውን አስቀድማችሁ አስተምሯቸው።

ሳምንት ሰው ይበለን!